ከደረሰኙ ግርጌ ያለ ዕዳ

አሜሪካ ውስጥ መድኃኒት ቤት ገብቶ አንድ የጥርስ ሳሙና ብቻ የገዛ ሰው ከክንዱ የሚረዝም ደረሰኝ ይዞ ሊወጣ ይችላል። በዚህ ስሙ የወጣው ሲቪኤስ ነው፤ ሃሎዊን ሲመጣ የሲቪኤስን ደረሰኝ መስሎ የሚለብስ ቀልደኛ አይጠፋም። ከወረቀቱ ላይ የተገዛውን ዕቃና ዋጋውን የሚናገረው ጥቂት መስመር ነው። የቀረው ኩፖን፣ የተጠራቀመ ሽልማት፣ ሽልማቱ የሚያበቃበት ቀን ነው። ብዙ ሰው ጨምድዶ ይጥለዋል፣ አንዳንዱ አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ይከተዋል። ወረቀቱ እንዲህ የረዘመው ሱቁ ለደንበኛው ያለበትን ዕዳ ስለሚዘረዝር ነው።

ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ ፋርማሲ

የአሜሪካ መድኃኒት ቤት በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉ ሁለት ንግዶች ነው። ከኋላ በሐኪም የታዘዘውን መድኃኒት የሚያዘጋጀው ፋርማሲስት አለ። እዚያ የሚከፈለውን ገንዘብ በአብዛኛው የሚወስነው የደንበኛው የጤና መድን ነው። ከፊት ደግሞ ሻምፑው፣ ዳይፐሩ፣ ቫይታሚኑ፣ ከረሜላውና የልደት ካርዱ የተደረደረበት ሱቅ አለ። እዚህ ዋጋ የሚቆርጠው ሱቁ ራሱ ነው፤ ደንበኛውም ካልጣመው ዎልማርት ወይም ኮስትኮ ሄዶ መግዛት ይችላል። ደረሰኙ ላይ የሚታየውን ሽልማት የሚያስገኘው ካርድ በዋናነት የተሠራው ለዚህ ለፊተኛው ክፍል ነው። መድኃኒቱን ሊወስድ የመጣ ሰው ሳሙናውንም እዚያው ይግዛ ነው ነገሩ።

ሲቪኤስ የተመሠረተው በ1963 ሎውል በተባለች የማሳቹሴትስ ከተማ ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1990 መነሻው ዋሽንግተን የነበረውን ፒፕልስ ድራግ የተባለ ሰንሰለት ገዛ። ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ወገናችን ሰፈሩ ውስጥ ሲቪኤስ የማያጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ግዢ ነው። ትልቁ ተፎካካሪው ዎልግሪንስ በ1901 ቺካጎ ውስጥ የተወለደ አንጋፋ ነው።

የሚመላለስን ደንበኛ መሸለም ከሁለቱም በፊት የነበረ የንግድ ብልሃት ነው። ስፔሪ ኤንድ ሀቺንሰን የተባለ ኩባንያ በ1896 አረንጓዴ ቴምብር ለሱቆች ማቅረብ ጀመረ። ሱቁ ለደንበኛው በገዛው መጠን ቴምብር ይሰጠዋል፤ ደንበኛው ደብተር ላይ እየለጠፈ፣ ደብተሩ ሲሞላ በቤት ዕቃ ይለውጠዋል። በ1981 አሜሪካን ኤርላይንስ ይህንኑ ሐሳብ ወደ በረራ ማይል ወሰደው። መድኃኒት ቤቶቹ ዘግየት ብለው ነው የገቡበት። በእንግሊዝ ቡትስ በ1997፣ በአሜሪካ ሲቪኤስ በ2001፣ ራይት ኤይድ በ2010፣ ዎልግሪንስ በ2012 የየራሳቸውን ካርድ ለመላው ደንበኛ አቀረቡ።

የተገለበጠ ዱቤ

የሰፈር ሱቅ ዱቤን የማያውቅ የለም። ባለሱቁ ስኳሩንና ዘይቱን ያስቀድማል፣ ደንበኛው ደመወዝ ሲደርስ ይከፍላል፣ ደብተሩ ላይ በባለዕዳነት የሚጻፈው ደንበኛው ነው። የመድኃኒት ቤት ሽልማት ይህን ይገለብጠዋል። ደንበኛው ሙሉውን ዛሬ ይከፍላል፤ ሱቁ ደግሞ ከዚያ ላይ ጥቂቱን "ሌላ ቀን ሲመጡ" ብሎ በስሙ ይመዘግብለታል። ባለዕዳው ሱቁ ሆነ ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ባለዕዳ መቼ እንደሚከፍል፣ በምን ዕቃ እንደሚከፍልና ዕዳው በየትኛው ቀን እንደሚሰረዝ ራሱ ይወስናል። ስለ ሽልማት ካርድ ማወቅ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ኤክስትራኬር የተባለውን የሲቪኤስ ካርድ እንመልከት። ካርድ ይባል እንጂ ዛሬ የሚሠራው በስልክ ቁጥር ነው። መመዝገቡ በነጻ ነው። አባል በአብዛኛው ዕቃ ላይ ካወጣው ገንዘብ 2 በመቶው ኤክስትራባክስ በሚባል ሽልማት ይመለስለታል። በዓመት 1,000 ዶላር ያወጣ ሰው 20 ዶላር ያገኛል ማለት ነው። ይህ ለብቻው ቤት የሚያቆም ገንዘብ አይደለም። ወፈር ያለው ሽልማት ያለው በየሳምንቱ በሚለዋወጠው ማስታወቂያ ውስጥ ነው። "ይህን ያህል ሲገዙ ይህን ያህል ይሸለማሉ" የሚለው ቢጫ ወረቀት መደርደሪያው ላይ የሚለጠፈው ለዚያ ነው።

ኤክስትራባክስ ጥሬ ገንዘብ አይደለም። በሐኪም ለታዘዘ መድኃኒት፣ ለስጦታ ካርድ፣ ለአልኮል መጠጥ ወይም ለሎተሪ አይከፈልም። የ5 ዶላር ሽልማት ይዞ የ4 ዶላር ዕቃ ለገዛ ሰው መልስ አይሰጠውም፤ አንዷ ዶላር ትቀራለች። የሳምንቱ ማስታወቂያ የሚያስገኘው ሽልማት ዕድሜው አጭር ነው፤ ቀኑ ካለፈ የለም። ዎልግሪንስ በ2020 የቀድሞውን የነጥብ ሥርዓት ትቶ ማይዎልግሪንስ ወደሚባለው ሲዞር ሒሳቡን ቀለል አድርጎታል። ሲጀመር የማንኛውም ዕቃ 1 በመቶ፣ የሱቁ የራሱ ምርት ከሆነ 5 በመቶ የሚመልስ ነበር። የማብቂያ ቀን ግን እዚያም አለ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው

በምሳሌ እንየው። አንድ ሻምፑ 7 ዶላር ነው እንበል፤ መደርደሪያው ላይ "ሁለት ሲገዙ 4 ዶላር ይሸለማሉ" የሚል ተለጥፏል። ብዙ ሰው ሁለቱን በ10 ዶላር እንደገዛ ያስባል። ከኪሱ የወጣው ግን 14 ዶላር ነው። አራቷ ዶላር የምትመለሰው ተመልሶ ሲመጣ፣ ያውም ቀኑ ሳያልፍ የሚያስፈልገውን ሌላ ዕቃ ሲገዛባት ብቻ ነው። ካልተመለሰ ሻምፑውን በሙሉ ዋጋ ገዝቷል፤ አንድ ብቻ ይበቃው ከነበረ ደግሞ የማያስፈልገውን 7 ዶላር ጨምሮ አውጥቷል።

ያንኑ ሻምፑ በኩፖን መግዛት የለመደ ሰው እንዴት እንደሚገዛው እንመልከት። ኩፖን ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ከአምራቹ፣ ሌላው ከሱቁ ይመጣል። ብዙ ጊዜ በአንድ ግዢ ላይ ሁለቱን ደርቦ መጠቀም ይፈቀዳል። የአምራቹ ኩፖን 2 ዶላር፣ የሱቁ 3 ዶላር ቢቀንስ 14ቱ ወደ 9 ይወርዳል። የ4 ዶላር ሽልማቱ የሚሰጠው ሁለት ሻምፑ በመግዛቱ ስለሆነ እሱም ይታሰባል። ያ ሽልማት በሚቀጥለው ሳምንት ለጥርስ ሳሙና ከዋለ ሁለቱ ሻምፑ 5 ዶላር፣ አንዱ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ወጣ ማለት ነው። ቀንደኞቹ ከዚህም ያልፋሉ። የዚህን ሳምንት ሽልማት፣ ራሱ ሌላ ሽልማት ለሚያስገኝ ዕቃ ይከፍሉታል፤ እንዲህ እያንከባለሉ ከኪሳቸው የሚወጣውን ጥሬ ገንዘብ ያሳንሱታል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ዝግጅት ትንሽ ነው። ኩፖኑ ዛሬ በአብዛኛው ስልክ ላይ ባለው መተግበሪያ ውስጥ ነው፤ ከመክፈል በፊት አንድ በአንድ ተነክቶ ወደ ካርዱ መላክ አለበት፣ ያልተላከ ኩፖን አይቀነስም። መተግበሪያ የማይወድ ሰው ብዙ የሲቪኤስ ሱቆች ውስጥ በር አካባቢ የሚቆመውን ቀይ ማሽን ካርዱን ቢያስነብበው ኩፖኑን አትሞ ይሰጠዋል። አንድ ቤተሰብ በአንድ ስልክ ቁጥር ቢገዛ ሽልማቱ ቶሎ ይጠራቀማል። አንዴ የሚሠራው ኩፖን ግን ቀድሞ ለደረሰ ነውና መነጋገሩ አይከፋም።

ኤክስትራኬር ፕላስ የሚባለው የክፍያ አባልነት ለብቻው ሊሰላ ይገባዋል። በወር 5 ዶላር ይከፈልበታል፤ በምላሹ በየወሩ የ10 ዶላር ሽልማትና ነጻ ማድረስ ይሰጣል። ሲታይ እጥፍ ትርፍ ነው። ነገር ግን የወሩ 10 ዶላር በወሩ ካልተወሰደ ወደሚቀጥለው አይተላለፍም። የዓመቱ ክፍያ 60 ዶላር ስለሆነ ስድስቱን ወር የረሳ ሰው ያተረፈው ነገር የለም፤ ሰባቱን የረሳ ከስሯል። ድርጅቱ የሚያተርፈው ከሚረሱት ነው።

የመንግሥት መድንና የግል መረጃ

ሜዲኬር ወይም ሜዲኬድ የተባለው የመንግሥት መድን ያላቸው እናቶችና አባቶች "ለእኔ መድኃኒት ሽልማቱ ለምን አይሰጥም?" ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። ምክንያቱ ሕግ ነው። የፌዴራሉ ሕግ በመንግሥት መድን የሚከፈልለትን ታካሚ በስጦታ ወደራስ መሳብን ይከለክላል፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ሕዝብ ስለሆነ ፋርማሲው የሚመረጥበት ምክንያት ስጦታ እንዳይሆን ነው። ዎልግሪንስ በመንግሥት መድን የታቀፉ ሰዎችን በመድኃኒት ቅናሽ ክለቡ አባል አድርጓል በሚል ክስ በ2017 50 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ስለዚህ በሐኪም ለሚታዘዝ መድኃኒት የሚሰጠው ሽልማት እንደ መድኑና እንደ ግዛቱ ይለያያል፤ ፋርማሲስቱን መጠየቅ ነው።

መረጃም ዋጋ አለው። ስልክ ቁጥሩ በተነገረ ቁጥር ሱቁ ማን ምን፣ መቼ፣ ስንት እንደገዛ ይመዘግባል። ሲቪኤስ በ2020 ሲቪኤስ ሚዲያ ኤክስቼንጅ የሚባል የማስታወቂያ ንግድ ከፍቷል፤ ዕቃ አምራቾች የካርዱን አባላት ዒላማ አድርገው የሚያስተዋውቁበት ነው። የጤና መረጃን የሚጠብቀው የ1996ቱ ሂፓ የተባለ ሕግ በሐኪም የታዘዘውን መድኃኒት መረጃ ይጠብቃል፤ ከፊተኛው መደርደሪያ ተነሥቶ ካሸሯ ጋር የተከፈለበት የእርግዝና መመርመሪያ ግን በአጠቃላይ በዚያ ጥላ ሥር አይወድቅም። መዝገብ ላይ እንዲገባ የማይፈለግ ዕቃ ሲገዛ ስልክ ቁጥር አለመናገር ይቻላል፤ ካሸሯም አታስገድድም።

ላም አለኝ በሰማይ

ባለዕዳ ሲወድቅ ምን እንደሚሆን ራይት ኤይድ አሳይቷል። በ1962 ፔንሲልቬንያ ውስጥ የተጀመረው ይህ ሰንሰለት በጥቅምት 2023 ለኪሳራ ጥበቃ አመለከተ፤ በግንቦት 2025 ደገመው፤ በዚያው ዓመት የቀሩትን ሱቆቹን ሁሉ ዘጋ። ሁለተኛው ማመልከቻ እንደገባ ለደንበኞች የሽልማት ነጥብ መስጠት አቆመ፣ ብዙም ሳይቆይ የስጦታ ካርድ መቀበሉንም ተወ። የሐኪም ትእዛዝ መዝገቦቹ ዋጋ ስለነበራቸው ሲቪኤስና ዎልግሪንስን ጨምሮ ለተፎካካሪዎቹ ተሸጡ፤ የታካሚው መድኃኒት አዲስ ቤት አገኘ። ለዓመታት የተጠራቀመው ነጥብ ግን ገዢ አልነበረውም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሀብት ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሽልማትን ማጠራቀም ቁጠባ አለመሆኑ ነው። ባንክ የገባ ዶላር ወለድ ይወልዳል፤ ካርድ ላይ የተቀመጠ ሽልማት የሚጠብቀው የሚቃጠልበትን ቀን ብቻ ነው። በተገኘ በሳምንቱ፣ ቤት ለሚያስፈልግ ነገር ማዋል ነው።

ከሽልማቱ የሚበልጠው ቅናሽ

ትልቁ ገንዘብ የሚተርፈው ብዙ ጊዜ ያለ ካርድ ነው። ባለ 500 ሚሊግራሙ ታይለኖልና አጠገቡ የተደረደረው ተመሳሳዩ የሱቁ ምርት ሁለቱም ያንኑ መጠን አሲታሚኖፌን ይዘዋል፤ አገር ቤት ፓራሲታሞል የምንለው መድኃኒት ነው። አድቪልና የሱቁ አይቡፕሮፌንም እንዲሁ በ200 ሚሊግራም ይገናኛሉ። ከሣጥኑ ጀርባ ድራግ ፋክትስ በሚለው ሠንጠረዥ ላይ የመድኃኒቱ ስምና መጠኑ ከሁሉ በላይ ተጽፏል። ሁለቱ አንድ ከሆኑ በዋጋ የሚለያዩት በአብዛኛው በማስታወቂያ ነው። ከዋጋ በተጨማሪ ሠንጠረዡ ለጥንቃቄም ይጠቅማል፤ አሲታሚኖፌን በብዙ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥም ስላለ ሳያውቁ ደርቦ መውሰድ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል።

ይህ በተለይ ለአገር ቤት ጉዞ ሻንጣ ለሚሞላ ሰው ያገለግላል። ለእናት ቫይታሚን፣ ለአጎት የሕመም ማስታገሻ፣ ለእህት ሎሽን ሲባል ግዢው በአንድ ቀን ብዙ መቶ ዶላር ይደርሳል። ብዙ መድኃኒት ቤቶች በኮስትኮ ወይም በዎልማርት ከሚገኘው ዋጋ በላይ ስለሚሸጡ እንዲህ ያለውን ግዢ በጅምላ መሸጫ መፈጸም ይሻላል፤ 2 በመቶ ሽልማት ያን ልዩነት አይሸፍንም። ከመድኃኒት ቤቱ መግዛት የሚያዋጣው ጉዞው ሲቃረብ ሳይሆን ቀደም ብሎ፣ ቅናሽና ሽልማት ባለበት ሳምንት እየነጠሉ ሲገዙ ነው። ያኔም የሣጥኑን የማብቂያ ቀን ማየት ነው፤ ሽልማት ስላለው ብቻ የተገዛ ስድስት ጠርሙስ ቫይታሚን ሳይበላ ቀኑ ካለፈ ስጦታም ቁጠባም አልሆነም።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ዕቃው የሚያስፈልግ መሆኑን፣ ቀጥሎ ሌላ ሱቅ ስንት እንደሚሸጥ፣ ከዚያ የሱቁ የራሱ ምርት መኖሩን ማየት ነው። ኩፖን አራተኛ ነው፣ ሽልማት መጨረሻ። በዚህ ተራ ለሚሄድ ሰው ካርዱ በዓመት ጥቂት አሥር ዶላሮች የሚመልስ ደህና አገልጋይ ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ከሽልማቱ የጀመረ ሰው ግን ለሱቁ ማበደሩን አያቆምም።