ቁልፉን ይዞ የሞተ ፕሮግራም

በጋራ ግቢ የኖረ ሰው ይህን ያውቃል። የሽንት ቤቱ ቁልፍ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ የፈለገ ያነሳል፣ ሲጨርስ ይመልሳል። ዘበኛውን ማስፈቀድ የለም። ጣጣው የሚመጣው አንዱ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ክፍለ ሀገር የሄደ ዕለት ነው።

ኮምፒውተር ውስጥም ሁለት ፕሮግራሞች አንድ ሜሞሪ ሲጋሩ ተራ የሚያስጠብቃቸው መቆለፊያ ያስፈልጋቸዋል። ሊኑክስ ላይ የዚህ መሠረቱ ፊውቴክስ ይባላል። ሁበርተስ ፍራንኬ፣ ረስቲ ራስልና ማቲው ከርክዉድ እ.ኤ.አ. በ2002 ኦታዋ ላይ ባቀረቡት ጽሑፍ አስተዋውቀውታል። መቆለፊያው ራሱ በጋራው ሜሞሪ ላይ ያለ 32 ቢት ቁጥር ነው። ዜሮ ከሆነ ክፍት ነው። የሚፈልገው ትሬድ፣ ማለትም በፕሮግራሙ ውስጥ የሚሮጥ አንድ የሥራ መስመር፣ በአንድ የማይከፋፈል የፕሮሰሰር ትእዛዝ ዜሮውን በራሱ መለያ ቁጥር፣ ለምሳሌ በ4217፣ ይተካዋል። በቃ፣ ያዘ። ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ ምንም አልሰማም። ቁልፉ ተይዞ ያገኘው ሌላ ትሬድ ብቻ «የሚጠብቅ አለ» የምትለዋን ቢት አብርቶ ወደ ከርነሉ ይሄድና ይተኛል።

ፍጥነቱ የመጣው ከርነሉ ስላልተነገረው ነው፤ አደጋውም ከዚያው ይመጣል። 4217 ከአንዱ ሂሳብ 500 ብር ቀንሶ በሌላው ላይ ሳይደምር ተገደለ እንበል። ቁጥሩ እዚያው ተጽፎ ቀርቷል። ከርነሉ መሞቱን ያውቃል፣ ምን ይዞ እንደነበር ግን አያውቅም። ምን እንደያዘ የሚያውቀው ደግሞ ሟቹ ራሱ ነበር። ጠባቂዎቹ የማይመለስ ሰው ይጠብቃሉ።

እያንዳንዱን መቆለፊያ ከርነሉ ዘንድ ማስመዝገብ ያንን ፍጥነት ማጥፋት ነው። ኢንጎ ሞልናር፣ ቶማስ ግላይክስነርና ኡልሪክ ድሬፐር የደረሱበትና እ.ኤ.አ. በ2006 በሊኑክስ 2.6.17 የገባው መፍትሔ ሥራውን ለሁለት ይከፍላል። ትሬዱ የያዛቸውን ቁልፎች ዝርዝር በራሱ ሜሞሪ ላይ ይጽፋል፤ ለከርነሉ የሚነግረው ዝርዝሩ የት እንደሚጀምር ብቻ ነው፣ እሱንም አንዴ። ከርነሉ ትሬዱ በሕይወት ሳለ ዝርዝሩን አይነካም። ሲሞት ግን ይከፍተዋል፤ የሟቹ ቁጥር ካለበት ከየመቆለፊያው ላይ ቁጥሩን አጥፍቶ «ባለቤቱ ሞቷል» የምትለዋን ቢት ያበራል፤ የሚጠብቅ ካለም አንዱን ይቀሰቅሳል።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ግን አንዲት ቀዳዳ የተደፈነችበት መንገድ ነው። ቁልፉን በመያዝና ዝርዝሩ ላይ በመጻፍ መካከል ቅጽበት አለች። ትሬዱ እዚያች ላይ ቢሞትስ? ቁልፉ ተይዟል፣ ዝርዝሩ ላይ ግን የለም። ስለዚህ ትሬዱ አስቀድሞ በአንድ ልዩ ቦታ «ይህን ቁልፍ ልነካ ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ይይዛል፤ ዝርዝሩ ላይ ያክላል፤ ከዚያ ማስታወሻውን ያጠፋል። ሲለቅም እንዲሁ። ከርነሉ ከዝርዝሩ ሌላ ይህችንም ቦታ ያያል። ሞት በየትኛውም መስመር መካከል ሊመጣ እንደሚችል አምኖ ኮድ መጻፍ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ከርነሉ ዝርዝሩን በጭፍን አያምንም። የተበላሸ ዝርዝር በራሱ ላይ ዞሮ ማለቂያ ሊያጣ ስለሚችል ከ2048 ቁልፎች በላይ አይቆጥርም።

ከዚህ ወዲያ ያለው የፕሮግራሙ ፈንታ ነው። ቀጣዩ ትሬድ ቁልፉን ከነማስጠንቀቂያው ይረከባል፤ የጎደለችውን 500 ብር የሚፈልጋት እሱ ነው፣ ከርነሉ ስለ ብር የሚያውቀው የለም። ሂሳቡን አስተካክሎ «ተጠግኗል» ብሎ ካሳወቀ መቆለፊያው እንደ ድሮው ይሠራል። ይህን ሳያደርግ ከለቀቀው ከዚያ በኋላ ማንም ሊይዘው አይችልም፤ ያለው መንገድ እንደገና መፍጠር ነው። ጨካኝ ይመስላል፤ እኔ ግን የተበላሸ ሂሳብ ዝም ብሎ ከሚሠራ ይህን እመርጣለሁ።

በሕይወት እያለ አንድ ዙር ውስጥ ገብቶ የቀረ ትሬድ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። አልሞተምና ማንም ቁልፉን አይነጥቀውም።

ጀማሪ ፕሮግራመሮች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፤ ይህ ጥበቃ በነባሪ አይገኝም። መቆለፊያው ሲፈጠር «ሮበስት» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ለማየት ከፈለጋችሁ መቆለፊያ የሚጋሩ ሁለት ትንንሽ ፕሮግራሞች ጻፉ፤ አንዱ ይዞ ሳለ በ«ኪል -9» ግደሉት። ሳትጠይቁ ከፈጠራችሁት ሁለተኛው እንደተኛ ይቀራል። ጠይቃችሁ ከፈጠራችሁት ወዲያው ይነቃል፤ የሚያነበው የመጀመሪያ ነገርም የባለቤቱን መሞት ነው።