ከወገብ በታች ያለችው የወፍ መንቆር

ዝናብ ያራሰው ደረጃ ላይ የሚጣደፍ ሰው እግሩ ሲከዳው በመቀመጫው ዘጭ ይላል። ወዲያው ተነስቶ ልብሱን ያራግፋል፤ ያየው ሰው መኖር አለመኖሩንም ዞር ዞር ብሎ ያጣራል። ሕመሙ የሚመጣው ማታ ራት ላይ ነው። ዱካው ላይ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ጎኑ ይቀመጣል፤ ብድግ ሲል ደግሞ ፊቱ ይጨማደዳል። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄዶ «ወገቤን» ይላል። ወገቡ ግን አይደለም። ሐኪሙ በጣቱ ጫን እያለ የሚፈልገው የአከርካሪው ጫፍ ላይ ያለችውን የጭራ አጥንት ነው።

ለሰው «ጭራ» ማለት ደግሞ ያስቀይማል። በአማርኛ ጭራውን የሚቆላው አሽቃባጭ፣ ጅራቱን ቆልፎ የሚሸሸውም ፈሪ ነው። «ኮክሲክስ» ሲባል ነገሩ ከበር ያለ ይመስላል፤ ቃሉ ሲፈታ ግን ወፍ ነው። ግሪኮች ስሟን ከጩኸቷ ያገኘችውን ኩኩን «ኮኪክስ» ይሏታል፤ አጥንቷም ከጎን ስትታይ የዚህችን ወፍ መንቆር ስለምትመስል በዚያው ስም ተጠራች።

ዐረብኛው ጅራቱን አልሸሸገም። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ የሰው አካል ሁሉ ሲበሰብስ «ዐጅቡ ዘነብ» የሚባለው የጭራ አጥንት ይቀራል፤ በትንሣኤም ሰው ዳግም የሚገጣጠመው ከእርሱ ነው። «ዘነብ» ጅራት ነው፤ ግዕዙም «ዘነብ» ይላል፣ ዕብራይስጡም «ዛናብ»።

ስሙ ሐሰት የለበትም። ፅንስ ከ4ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ እውነተኛ ጅራት ያበቅላል። እስከ 8ኛው ሳምንት ጅራቱ ሟሙቶ ይጠፋና ከ3 እስከ 5 የሚደርሱ ትንንሽ አጥንቶች ብቻ ይቀራሉ፤ ብዙ ሰው ላይ 4 ናቸው።

ከዘራችንስ ጅራቱ የጠፋው እንዴት ነው? ቦ ሺያ የተባለው ተመራማሪ በ2019 (እ.ኤ.አ.) በመኪና ሲጓዝ ይህችኑ አጥንት ተጎድቶ አንድ ዓመት ያህል ሲያሠቃየው ጥያቄው ከአእምሮው አልወጣ አለ። እርሱና ባልደረቦቹ በ2024 (እ.ኤ.አ.) «ኔቸር» መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት «ቲቢኤክስቲ» ወደተባለ ጂን ያመለክታል። ከ25 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በዝንጀሮ መሰል ቅድመ አያቶቻችን በዚሁ ጂን ውስጥ አንድ ባዕድ ቁራጭ ተሰነቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ሴሎች የጂኑን መመሪያ ሲያነቡ አንዳንዴ አንዱን ክፍል ይዘሉታል። ይህንኑ ለውጥ በአይጦች ላይ ሲሠሩት አንዳንዶቹ ጅራታቸው አጠረ፣ አንዳንዶቹም ያለጅራት ተወለዱ።

ትርፍ አጥንት ናት ማለት ግን ስህተት ነው። ፊኛንና አንጀትን ከታች ደግፈው የሚይዙ ጡንቻዎች የሚታሰሩት እርሷ ላይ ነው። ሰው ወደ ኋላ ተለጥጦ ሲቀመጥም ከሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ጋር ሦስተኛ እግር ሆና ክብደት ትሸከማለች። በምጥ ጊዜ ወደ ኋላ ትለጠጣለች፤ አንዳንዴም ትጎዳለች። ሕመሟ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ የሚበዛው በከፊል ለዚህ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይተዋል፤ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ጥቂቱ ነው። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚመክሩት ከኋላው በኩል ተቆርጦ ክፍት የተተወ የስፖንጅ ትራስ ነው። ደረጃው ላይ የወደቀው ሰው ትራሱን ዱካው ላይ አድርጎ ወደ ፊት ዘንበል ይላል፤ መንቆሯም በክፍቱ ቦታ ምንም ሳይነካት ትንጠለጠላለች።