ኢሲጂው «ደህና ነው» ሲባል

«ኢሲጂ ተነሥቼ ምንም የለብህም ተብያለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ወረቀቱ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን ብቻ ነው የመለሰው። ልብ ጡንቻ አለው፣ ቫልቮች አሉት፣ ራሱ የሚመገብባቸው የደም ቧንቧዎችና ምቱን የሚመራ የኤሌክትሪክ መስመርም አሉት። አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ ሊሆን ስለሚችል ሁሉን የሚያይ አንድ ምርመራ የለም።

በሀብታም አገሮች የልብ ሕመም ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበው የጠበበ የልብ ቧንቧ ነው። እኛ ዘንድ ደም ብዛትና ስኳር እየተስፋፉ ይህም መጥቷል፤ ልጆችንና ወጣቶችን የሚጎዳው ግን ሩማቲክ የሚባለው የቫልቭ በሽታ ነው። መነሻው ጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ቶንሲል ያሳምማል። በወጉ ካልታከመ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ የሰውነት መከላከያ ዞሮ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ሊያጠቃ ይችላል። ጉልበቱ አብጦ የሚያነክሰው ልጅ «ብርድ መታው» ይባላል። እብጠቱ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው እየዞረ ይለቀዋል፤ የቫልቩ ጠባሳ ግን ይቀራል፣ ሕመሙ በተመላለሰ ቁጥርም ይብሳል። እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ደም መፍሰስና ሌላ ኢንፌክሽን ይጨምራል እንጂ። የሚያጠፋው ፔኒሲሊን ነው። አንዴ ይህ ሕመም የያዘው ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ይወጋል። ልጁ ደህና ሆኖ እየሮጠ ሳለ መርፌውን መቀጠል ለወላጅ ከባድ ነው።

የተጎዳ ቫልቭ ድምፅ አለው። ፈረንሳዊው ሐኪም ላኤኔክ እ.አ.አ. በ1816 የፈጠረው ማዳመጫ ዛሬም በየጤና ጣቢያው ይህንኑ ድምፅ ይሰማል። ቫልቩ ጠብቦ ይሁን ወይም ደም ወደ ኋላ እያሳለፈ፣ መጠኑም ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳየው ግን ኢኮ የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ነው። በ1953 ስዊድን ውስጥ ሐኪሙ ኤድለርና የፊዚክስ ባለሙያው ኸርትዝ ሥራውን ሲጀምሩ የተጠቀሙት የብረት ስንጥቅ የሚፈልግ መሣሪያ ነበር። ኢኮ ጨረር ስለሌለው ለነፍሰ ጡርም አያሰጋም። ትንፋሽ የሚያጥራትን እርጉዝ «የእርግዝና ድካም ነው» ብሎ ከመሸኘት ኢኮ ማዘዝ ይሻላል፤ ጠቦ የቆየ ቫልቭ የሚገለጥባቸው ሴቶች ጥቂት አይደሉምና።

ወደ ኢሲጂ እንመለስ። ሆላንዳዊው አይንትሆቨን በ1924 የኖቤል ሽልማት ያገኘበት ይህ ምርመራ የምት መዛባትንና የልብ ጡንቻ ጉዳትን ያሳያል፤ የሚመዘግበው ግን አሥር ሰከንድ ያህል ነው። ሌሊት ሌሊት ብቻ ልቡ በኃይል የሚመታበት ሰው ቀን ቢነሣ ምን ይታያል? ለእሱ 24 ሰዓት የሚታሰረው ሆልተር አለ። ዳገት ሲወጣ ብቻ ደረቱን ለሚያስጨንቀው ደግሞ እየተራመደ የሚለካበት ምርመራ አለ። ድንገተኛ የደረት ሕመም ሲሆን ከኢሲጂው ጋር ትሮፖኒን የሚባለው የደም ምርመራ ይታዘዛል፤ የመጀመሪያው ምንም ባያሳይ ከሰዓታት በኋላ ይደገማል። እኛ አገር ብዙውን የደረት ሕመም ጨጓራ ላይ የማላከክ ልማድ ስላለ፣ ላብ ያለውና ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚወጣ ሕመም ሲመጣ የጨጓራ መድኃኒት ውጦ ማደር አደገኛ ነው።

የጠበበውን ቧንቧ በዓይን ለማየት ከእጅ አንጓ ወይም ከብሽሽት ቀጭን ቱቦ ይገባና ቀለም እየተረጨ በራጅ ይታያል። ጀርመናዊው ፎርስማን በ1929 ቱቦውን በገዛ ክንዱ የደም ሥር እስከ ልቡ አስገብቶ ራጅ ተነሥቷል፤ ኖቤሉን ያገኘው በ1956 ነው።

ወደ ቫልቭ ሕመም ስንመለስ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል የሚያክማቸው ልጆች ቫልቭ ቢቀየርላቸውም ምርመራው አያበቃም። የብረት ቫልቭ ያለው ሰው ዕድሜ ልኩን ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን ይወስዳል፣ የደሙን መርጋትም እየተመላለሰ ያስለካል። መድኃኒቱ ሲበዛ ደም ይፈሳል፣ ሲያንስ ቫልቩ ላይ ይረጋል። ታካሚው ይህን የሚለካ ላቦራቶሪ ከሌለበት ወረዳ ከመጣ፣ ሐኪሙ የቫልቩን ዓይነት ሲመርጥ ያንንም ማሰብ አለበት።