ሲንጀሩ አልሞተም ነበር

(ከሐዋሳ)

ባለፈው ክረምት እናቴ ቤት በረንዳ ላይ ለዓመታት ተሸፍኖ የኖረውን የልብስ ስፌት መኪና ላስጠግን ስነሳ፣ መጀመሪያ የገጠመኝ ጥያቄ ስለ ጥገና አልነበረም፡፡ ወሬው የደረሰው አንድ ደላላ መጣና ‹‹ወንድሜ፣ ሜርኩሪ ያለው ነው?›› ሲል ጠየቀኝ፡፡ ጎረቤታችን ደግሞ ‹‹ለቁራሌው በኪሎ ሽጠው፤ ብረቱ ብቻ ያወጣል›› አለኝ፡፡ አንዱ መኪናውን ሀብት የተደበቀበት ዕቃ አደረገው፤ ሌላው ቁርጥራጭ ብረት፡፡ መስፋት ይችል እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም፡፡

የሜርኩሪው ወሬ ከየት እንደመጣ ማወቅ አይከፋም፡፡ ሚያዝያ 2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ ኤፕሪል 2009) በሳዑዲ ዓረቢያ በአሮጌ ሲንጀሮች ውስጥ ‹‹ቀይ ሜርኩሪ›› የሚባል እጅግ ውድ ነገር አለ የሚል ወሬ ተነዝቶ፣ ለአንድ መኪና እስከ 200,000 ሪያል እንደተጠየቀ በወቅቱ ተዘግቧል፡፡ ሰዎች ተንቀሳቃሽ ስልካቸውን ወደ መርፌው እያስጠጉ መስመሩ ከተቋረጠ ‹‹አለው›› ይሉ ነበር፡፡ ነገሩ ሁሉ ማጭበርበሪያ ነበር፡፡ በመኪናው ውስጥ ያለው ባለሙያዎች ጊዛ የሚሉት ቀልጦ የተቀዳ ብረት፣ ጥቂት ብሎኖች፣ ክርና ዘይት ብቻ ነው፡፡ የእኛን መኪና ያቆመውም ይኸው ዘይት ሆኖ ተገኘ፡፡

የመኪናው ማንነት

እኛ አገር ‹‹ሲንጀር›› የመኪናው የወል ስም ሊሆን ምንም አልቀረውም፡፡ ቻይና ሠራሹን ቢራቢሮ ሳይቀር ‹‹የእኔ ሲንጀር›› የሚሉ ልብስ ሰፊዎች አውቃለሁ፡፡ ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ በ1851 በአሜሪካ የፈጠራ መብቱን ካስመዘገበው አይዛክ ሲንገር ነው፡፡ ኩባንያው እ.ኤ.አ በ1856 በየወሩ እየተከፈለ የሚያልቅ ሽያጭ ጀመረ፡፡ በአንድ ጊዜ ለመግዛት አቅም የሌለው ቤተሰብ ሁሉ የመኪና ባለቤት መሆን የቻለው በዚህ ዘዴ ነው፡፡ እናቴ ያገለገለ መኪናዋን የገዛችው በዕቁብ ገንዘብ መሆኑን ሳስብ፣ ሁለቱ ዘዴዎች ብዙም አይራራቁም እላለሁ፡፡

መኪናችሁ የት እንደተሠራ ለማወቅ በቀኝ በኩል መሠረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ተመልከቱ፡፡ የእኛው ‹‹ኢ›› እና ‹‹ኬ›› በሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ይጀምራል፡፡ ይህም በስኮትላንድ ክላይድባንክ ከተማ በነበረው ፋብሪካ እ.ኤ.አ በ1950ዎቹ አጋማሽ የተሠራ መሆኑን ያመለክታል፡፡ ያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ በ1913 በአንድ ዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ መኪና ያወጣ ነበር፤ እ.ኤ.አ በ1980 ተዘጋ፡፡ ፋብሪካው ከተዘጋ ከ40 ዓመት በላይ ቢሆነውም ለእኛ መኪና የሚሆነው መርፌና ቦቢን ዛሬም በየገበያው ይሸጣል፡፡ በዚህ ረገድ ባለ አሮጌ ሲንጀር ከብዙ ባለ አዲስ ዕቃ የተሻለ ዕድል አለው፡፡

መኪናውን የቆለፈው ምን ነበር?

መዘውሩን በእጄ ብገፋው ንቅንቅ አልል አለ፡፡ የተሰበረ ነገር አለ ብዬ ከፒያሳ ብዙም ወደማይርቅ አንድ የጥገና ቤት ወሰድኩት፡፡ ስማቸው እንዲጠቀስ ያልፈለጉት አዛውንት ባለሙያ ብሎን ሳይፈቱ፣ ዘይት ማጠጫውን ቀዳዳ በጣታቸው ዳሰስ አድርገው አሸተቱትና፣ ‹‹ልጄ፣ ምን ዘይት ነበር የምታጠጡት?›› አሉኝ፡፡

እናቴን ደውዬ ጠየቅኳት፡፡ የመኪና ዘይት ሲጠፋባት ወይም ሲወደድባት ከወጥ ቤት የኑግ ዘይት ጠብ ታደርግበት እንደነበር ነገረችኝ፡፡

ነገሩ ቀላል ኬሚስትሪ ነው፡፡ የኑግና የተልባ ዘይት አየር ሲያገኙ ቀስ በቀስ ይወፍራሉ፤ በመጨረሻም እንደ ቫርኒሽ ይደርቃሉ፡፡ ሠዓሊዎች ለዘመናት ቀለማቸውን በተልባ ዘይት ሲበጠብጡ የኖሩት በዚሁ ጠባዩ ምክንያት ነው፡፡ ለሸራ የሚበጀው ይህ ጠባይ ለስፌት መኪና ግን መርዝ ነው፡፡ መኪናው ሲሠራ ያለሰልሰዋል፤ ጥቂት ወራት ሥራ ሲፈታ ሙጫ ይሆንበታል፡፡ ለስፌት መኪና የሚሸጠው ቀጭን ዘይት ከነዳጅ ማዕድን የሚወጣ ስለሆነ በዚህ መልክ አይደርቅም፡፡ ‹‹ከሚመጡልኝ ‹ሞተ› ከተባሉ መኪኖች አብዛኞቹ የታሰሩ እንጂ የሞቱ አይደሉም›› አሉኝ ባለሙያው፡፡

የመፍታቱ ሥራ ትዕግሥት እንጂ ጉልበት አይፈልግም፡፡ በመጀመሪያ የመርፌው ሥር ሳህንና የግንባሩ ክዳን ይነሣሉ፡፡ ከእኛ መኪና ጥርሶች መሐል እንደ ስጋጃ የተጠቀጠቀ ብናኝ ወጣ፡፡ ቀጥሎ በሚንቀሳቀሰው መጋጠሚያ ሁሉ ላምባ ጠብ ጠብ ይደረግና አንድ ሌሊት ያድራል፡፡ ጠዋት ፀሐይ ላይ ጥቂት ሞቅ ሲል መዘውሩ በቀስታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዘወዛል እንጂ በመዶሻ አይመታም፤ በፒንሳ ተይዞም አይጠመዘዝም፡፡ የእኛው በሦስተኛው ቀን ተላቀቀ፡፡ ላምባ ያጥባል እንጂ አያለሰልስም፤ ስለዚህ ቆሻሻው ተጠርጎ ሲያበቃ ትክክለኛው የመኪና ዘይት ይተካል፡፡ ይህን ቤታችሁ የምትሞክሩ ከከሰል ምድጃና ከእሳት ራቁ፤ በርና መስኮትም ክፈቱ፡፡

መዘውሩ እየዞረ መርፌው ካልተንቀሳቀሰም አትደንግጡ፡፡ በመዘውሩ መሐል ያለው ትልቅ ብሎን ሥር ጥርስ ያላት ቀለበት አለች፡፡ ሲጸዳ በተገላቢጦሽ ከገባች መዘውሩ መኪናውን አይዝም፤ አውጥቶ ገልብጦ መመለስ ይበቃል፡፡ መኪናው ስፌት የሚዘል ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መርፌው ነው፡፡ የመርፌው ረጅም ቦይ ክር በሚገባበት በኩል መሆን አለበት፤ ጠፍጣፋው ጎን በተቃራኒው፡፡ ለዚህች ጥቃቅን ስህተት ሲሉ ቺንጋና ቦቢን የቀያየሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፡፡

ጥቁሩ ቀለምና ወርቁ

መኪናው መዞር ሲጀምር ስስት ያዘኝ፡፡ ‹‹ጋሼ፣ ጋራዥ ወስደን ጥቁር ቀለም እናስረጨው?›› አልኳቸው፡፡ ባለሙያው ሳቁ፡፡ የመኪናው ጥቁር ቀለም በምድጃ ሙቀት የደረቀ ነው፡፡ በላዩ ያለው የወርቅ ሐረግ ስስ ሥዕል ሲሆን፣ በላዩ የተቀባው መከላከያ ከሄደ አብሮ ይሄዳል፡፡ አልኮል፣ ቲነርና ጠንካራ ሳሙና ይህን መከላከያ ይበሉታል፡፡ የሚያዋጣው ለስላሳ ጥጥ በራሱ በመኪናው ዘይት አርሶ፣ ቦታ በቦታ ቀስ እያሉ መጥረግ ነው፡፡ ይህን ሳደርግ እናቴ ክንዷን ታሳርፍበት የነበረው ቦታ ላይ ወርቁ ሙልጭ ብሎ መጥፋቱን አየሁ፡፡ እሱን ለመመለስ አልሞከርኩም፡፡

ጠረጴዛው ላይ የሠራሁት ጥፋት

በጠረጴዛው ላይ ግን እንዲህ አስተዋይ አልነበርኩም፡፡ ባለሙያው ዘንድ ከመሄዴ በፊት ብርጭቆ ወረቀት ገዝቼ መፈግፈግ ጀምሬ ነበር፡፡ የአሮጌ ሲንጀር ጠረጴዛ ሙሉ በሙሉ ውድ እንጨት ይመስለናል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ከላይ ያለው ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ልባስ ነው፡፡ በግራ ጥጉ በኩል በአምስት ደቂቃ ልባሱን ጨርሼ ነጩ እንጨት ወጣ፡፡ አናጺው በዋንዛ ስስ ቁራጭ ደፈነልኝ፡፡ ቀለሙ ይቀራረባል፣ ግን አይመሳሰልም፡፡ ጠረጴዛውን ያየ ሁሉ የእኔን ጥፋት ያያል፡፡

ልባሱ ተበጥሶ ሳይሆን ተነሥቶ ብቻ ከሆነ መፍትሔው ርካሽ ነው፡፡ የድሮ አናጺዎች የተጠቀሙበት ከከብት ቆዳና አጥንት የተሠራ ኮላ በሙቀትና በእርጥበት እንደገና ይለሰልሳል፡፡ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎ ለብ ባለ ካውያ መጫን፣ ከዚያም ከባድ ነገር ጭኖ ማሳደር ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል፡፡ የላዩ ቅብ ምን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ከማይታይ ቦታ አንድ ጠብታ አልኮል አድርጉ፡፡ የሚጣበቅ ከሆነ ሼላክ ነው፤ አጽድቶ በስሱ መደረብ እንጂ መፋቅ አያስፈልገውም፡፡ በዝናብ ወራት መሳቢያው ቢጠብቅባችሁ ወዲያው መላጊያ አታንሡ፡፡ እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋው ይመለሳል፡፡

በመጨረሻ ቺንጋው ነው፡፡ ትክክለኛው 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ክብ የቆዳ ጠፍር ነው፡፡ የእኛው በናይለን ገመድ ተተክቶ፣ እንዳይንሸራተት ተብሎ በጣም ተወጥሮ ነበር፡፡ ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋ ፔዳሉን ያከብዳል፤ መጋጠሚያውንም ይበላል፡፡ እናቴ ‹‹ጉልበቴ አልችል አለ›› ስትል የነበረው ከዕድሜዋ ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፡፡

ታዲያ ለምን ይጠገናል?

ሐዋሳ ዛሬ በስፌት የምትታወቀው በሌላ ነገር ነው፡፡ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶችን ወደ ከተማዋ አምጥቷል፡፡ በእንዲህ ዓይነት ፋብሪካ ያለ መኪና በደቂቃ እስከ 5,000 ጊዜ ይወጋል፤ የእናቴ ሲንጀር አጠገቡ አይደርስም፡፡ ሆኖም ኅዳር 2014 ዓ.ም. ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፓርኩ የነበረውን ፋብሪካ ለመዝጋት ሲወስን፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ስትታገድ፣ ሺዎች የሥራ ዋስትናቸውን አጥተዋል፡፡ ሙያው እጃቸው ላይ ቀረ፤ መኪናው ግን የእነርሱ አልነበረም፡፡

በእኛ ግቢ የምትኖር አንዲት ወጣት ከእነዚህ አንዷ ናት፡፡ የሸሚዝ ኮሌታ ብቻ ስትሰፋ ነው የቆየችው፡፡ ሲንጀሩ ከጥገና ሲመለስ እናቴ ጠርታ አስቀመጠቻት፡፡ መጀመሪያ ክሩ ተተበተበባት፡፡ የፋብሪካው ፔዳል ሲረገጥ ሞተር ያስነሣል፤ የዚህኛው ግን ተረከዝና ጣት እየተፈራረቁ ካልረገጡት መዘውሩ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ወደ ኋላ ሲዞር ደግሞ ክር ይበላል፡፡ እናቴ አጠገቧ ቆማ ‹‹ቀስ በይ የእኔ ልጅ፤ መጀመሪያ መዘውሩን በእጅሽ ወዳንቺ ሳቢው፣ ከዚያ እግርሽ ይከተል›› ትላት ነበር፡፡ በሳምንቱ መብራት በጠፋበት ቀን የሁለት ጎረቤት ልጆች ዩኒፎርም ሰፍታ ጨረሰች፡፡

ደላላው በቅርቡ ተመልሶ መጥቶ ነበር፡፡ በሩ ላይ ቆሞ ‹‹እማማ፣ ያ መኪና ተሸጠ እንዴ?›› አላት፡፡ እናቴ የኑግ ዘይት ሳይሆን ትክክለኛውን የመኪና ዘይት የያዘችውን ትንሽ ጠርሙስ ክዳን እየገጠመች፣ ‹‹አልተሸጠም፤ ሥራ ላይ ነው›› አለችው፡፡