ገመዱ ገብቷል፤ ሥዕሉስ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በነሐሴ ወር፣ በአርሲ ደጋ በምትገኘው ጮሌ ከተማ አንድ ምሽት አሳለፍሁ። በከተማዋ ወጣቶች የአውሮፓ እግር ኳስ የሚመለከቱባት ጠባብ አዳራሽ አለች። ግድግዳዋ ላይ ነጭ አቡጀዲ ተወጥሯል፤ ከጣሪያዋ አንድ ያገለገለ ፕሮጀክተር ተንጠልጥሏል። የዚያን ዕለት ምሽት ግን ኳስ አልነበረም። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት በነጠላቸው ጫፍ የጠቀለሉትን የቪዲዮ ካሴት ይዘው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ ጎረቤቶቻቸውም ከኋላቸው ተደርድረዋል።

ካሴቱ በ1991 ዓ.ም. ከሚኒሶታ የተላከ የልጃቸው ሠርግ ነው። እኒህ እናት ሙሽራዪቱ እንድትለብሰው አረንጓዴ ጥለት ያለው የሐበሻ ቀሚስ አሠርተው ልከው ነበር። «ለብሳዋለች» መባሉን በስልክ ሰምተዋል፤ በዓይናቸው ግን አላዩም። ካሴቱ እንደ ደረሰ በሰፈሩ በነበረው ዴክ ቢሞከር ሥዕሉ እየተንከባለለ አልታይ አለ። «በመንገድ ተበላሽቷል» ተባለና ቁም ሣጥን ገባ። እዚያው ከሃያ ዓመት በላይ ቆየ።

አሁን አንድ ወጣት የልዩ ልዩ አገሮችን ካሴት የሚያነብ ዴክ ከአሰላ ተውሶ አምጥቷል። ቢጫውን በቢጫ፣ ቀዩን በቀይ፣ ነጩን በነጭ ሰካ። ሥዕሉ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ነገር ግን ጥቁርና ነጭ ነበር። እናትየው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ካዩ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ጥለቱ የቱ ጋ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ወጣቱም ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ገመዱ እኮ ገብቷል» አለኝ።

ገመዱ በእርግጥ ገብቷል። ይሁን እንጂ የመሰኪያ መግጠም የሚያረጋግጥልን ብረት ከብረት መነካካቱን ብቻ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ የስልክ መስመር ቢገናኙም አንዱ በአፋርኛ ሌላው በጀርመንኛ ከተናገረ መስመሩ ምንም ጥፋት የለበትም። እዚያች አዳራሽ ውስጥ የሆነውም ይኸው ነው።

የቴሌቪዥን ሥዕል እንደ መጽሐፍ ገጽ በመስመር ይጻፋል፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች። በመጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው መስመሮች፣ ቀጥሎ ሙሉ ቁጥር ያላቸው ይጻፋሉ፤ ሁለቱ ግማሽ ሥዕሎች ተደርበው አንድ ሙሉ ሥዕል ይሆናሉ። የቀድሞዎቹ መሐንዲሶች በሴኮንድ የሚጻፉትን ግማሽ ሥዕሎች ቁጥር ከአገራቸው ኤሌክትሪክ ምልልስ ጋር አስማሙት። ካልተስማማ ከኤሌክትሪኩ የሚመጣ ጥላ በሥዕሉ ላይ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እየተንሸራተተ ያውካል። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 60 ጊዜ፣ የአውሮፓ 50 ጊዜ ይመላለሳል። የእኛም አገር 50 ነው። ስለዚህ አሜሪካ 525 መስመር ያለው ሥዕል በሴኮንድ 30 ጊዜ፣ አብዛኛው አውሮፓና ኢትዮጵያ 625 መስመር ያለው ሥዕል በሴኮንድ 25 ጊዜ ሲጠቀሙ ኖሩ። አንባቢ ማባዛት ይችላል፤ 625 በ25 ሲባዛ 15,625፣ 525 በ30 ሲባዛ 15,750 መስመር በሴኮንድ ይሆናል። ሁለቱ ቁጥሮች እጅግ ተቀራራቢ በመሆናቸው ብዙ ሰው መሣሪያው ሊቻቻላቸው ይገባል ብሎ ያስባል። ይሁንና በካሴት ላይ የተጻፈው ሥዕል የሚነበበው በሚሽከረከር ከበሮ ነው። የአሜሪካው ዴክ ከበሮ በደቂቃ 1,800 ጊዜ፣ የእኛው 1,500 ጊዜ ይዞራል፤ የካሴቱ ጥብጣብ የሚጓዝበት ፍጥነትም ይለያያል። የመጀመሪያው ዴክ ሥዕሉን ያንከባለለው በዚህ ምክንያት ነበር። ካሴቱ አንዳች ጉዳት አልደረሰበትም።

የቀለሙ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያስደንቃል። እ.ኤ.አ. በ1953 አሜሪካ ኤን ቲ ኤስ ሲ የተባለውን የቀለም ሥርዓት ስታጸድቅ በሕዝቡ ቤት በሚሊዮን የሚቆጠሩ የጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥኖች ነበሩ። እነርሱን ከጥቅም ውጭ ማድረግ አልተፈለገም። መሐንዲሶቹ የሥዕሉን ድምቀት እንደ ቀድሞው ትተው ቀለሙን በሴኮንድ 3.58 ሚሊዮን ጊዜ በሚርገበገብ ሌላ ሞገድ ላይ ጫኑት። ይህ ሞገድ ከድምፁ ጋር እንዳይጋጭ ሲባል የመስመሩ ቁጥር እንኳ ከአንድ ሺሕ አንድ እጅ ያህል ተቀንሶ 15,734 ሆነ። ጀርመናዊው ቫልተር ብሩኽ በቴሌፉንከን ኩባንያ የቀረጸው ፓል የተባለው ሥርዓት ደግሞ ቀለሙን በ4.43 ሚሊዮን ምልልስ ይጭነዋል፤ የአንዱን ቀለም ምልክት አቅጣጫ ከመስመር ወደ መስመር እየገለበጠም በመንገድ የሚደርሰውን ስሕተት ያጣፋል። (የአሜሪካው ሥርዓት ይህ ብልሃት ስላልነበረው፣ «መቼም ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ቀለም አይሰጥም» እያሉ ባለሙያዎች ይቀልዱበት ነበር።) በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ቀለም ሲሸጋገር ፓልን ተከተለ። ያን ጊዜ የጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን የነበረው ቤተሰብ ያለ ቀለም ማየቱን ቀጠለ እንጂ ቴሌቪዥኑን አልጣለም።

እንግዲህ ፓልን ብቻ የሚጠብቅ መሣሪያ ቀለሙን በ4.43 ላይ ያዳምጣል። የአሜሪካው ካሴት ቀለም ግን በ3.58 ላይ ነው። መሣሪያው የሚጠብቀውን ስላላገኘ «ቀለም የለም» ብሎ ይደመድምና የቀለሙን ክፍል ይዘጋል፤ ድምቀቱ ብቻ ይቀራል። በጮሌ ግድግዳ ላይ ያየነው ግራጫ ሠርግ በ1953 የተደረገው ስምምነት ውጤት ነበር ማለት ይቻላል።

መድኃኒቱ ሳንቲም አላስወጣም። የፕሮጀክተሩን የማስተካከያ ዝርዝር ስንከፍት የቪዲዮ ሥርዓቱ ፓል ላይ ተቆልፎ አገኘነው፤ አንድ ሰው ለዲሽ ሪሲቨሩ ሲል ያደረገው ይሆናል። መሣሪያው ራሱ እንዲለይ ወደሚያደርገው ምርጫ ለወጥነው። አንድ ሁለት ሴኮንድ ግድግዳው ጨለመ። ሥዕሉ ሲመለስ ሙሽራዪቱ ከወንበሯ ተነሥታ እንግዶች ስትቀበል ነበር፤ ጥለቱም አረንጓዴ ነው። እናትየው ምንም አልተናገሩም፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተመለከቱ። ከኋላ አንዲት ጎረቤት «እልል» አለች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት።

ዝግጅቱ ካበቃ በኋላ ወጣቱ ሌላ ችግሩን አሳየኝ። ከጣሪያው የሚወርደው ገመድ ባለ ሦስት ቀለሙ ብቻ ስለ ነበር፣ ላፕቶፑን ለማገናኘት በአንድ ጫፉ ሰማያዊ የቪ ጂ ኤ መሰኪያ፣ በሌላው ሦስት ክብ መሰኪያዎች ያሉት ገመድ ገዝቷል። ሥዕል ግን አልወጣም። ላፕቶፑ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን በየራሳቸው ሽቦ ይልካል፤ በዝቅተኛው የ640 በ480 መጠን እንኳ በሴኮንድ 31,500 መስመር ያህል ይጽፋል። ቢጫው መሰኪያ የሚጠብቀው ሁሉም በአንድ ሽቦ ተቀይጦ፣ በግማሹ ፍጥነት እንዲመጣ ነው። ለዚህ ሥራ ተብለው ከተሠሩ ጥቂት የግራፊክስ ካርዶች በቀር ሽቦ ብቻውን ይህን ሊለውጥ አይችልም። የሚለውጥ መሣሪያ ሥዕሉን ተቀብሎ በማኅደረ ትውስታው ይዞ እንደገና መጻፍ አለበት፤ ስለዚህም በውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ይኖረዋል፤ የሚሠራበትንም ኃይል ከራሱ ሶኬት ወይም ከላፕቶፑ ይወስዳል። የኤች ዲ ኤም አይ መሰኪያ ካለው አዲስ ዲኮደር ወደ አሮጌ ቪ ጂ ኤ ፕሮጀክተር ሲኬድም እንዲሁ ነው። በዚያ ላይ አንዳንድ ዲኮደሮች ምልክቱን ቆልፈው ስለሚልኩ ደኅና መለወጫ እንኳ ባዶ ግድግዳ ሊያሳይ ይችላል። ለዚያች አዳራሽ ርካሹ መፍትሔ ረጅም የቪ ጂ ኤ ገመድ መዘርጋት ነበር፤ እርሱንም መከርሁት።

የተጫዋቾች ፊት እየቀጠነ የሚታይባቸው ሰዎችም አይደንግጡ። የዚያ ፕሮጀክተር ነጥቦች ብዛት 1,024 በ768 ነው፤ ይኸውም የ4 ለ3 መጠነ ቅርጽ ነው። የ16 ለ9 ሥዕል በእርሱ ላይ ሳይዛባ የሚቀመጠው 1,024 በ576 ሲሆን ነው። የቀሩት 192 ረድፎች ከላይና ከታች ጥቁር ሆነው ይቀራሉ። ሥዕሉ ግድግዳውን ይሙላ የሚል ሰው ፊቱን በሲሶ ያስረዝመዋል። እኔ ጥቁሩን ጠርዝ እመርጣለሁ፤ የጮሌ የኳስ ተመልካች ግን ሙሉ ግድግዳ ይወድዳል፤ በዚህ ነገር አልተስማማንም።

ወደ ካሴቱ ልመለስ። ጥብጣቡ የያዘው መግነጢሳዊ ቅንጣት በፕላስቲክ ላይ በማጣበቂያ የተለጠፈ ነው፤ ማጣበቂያው በዕድሜና በእርጥበት ይደክማል፤ እያንዳንዱ ጨዋታም ጥቂት ይፍቀዋል። ስለዚህ በማግሥቱ ከዴኩ ወደ ላፕቶፕ ቀዳነው። ወጣቱ «ለአገራችን ቴሌቪዥን እንዲመች በፓል እናድርገው» ብሎ ነበር፤ እምቢ አልሁት። ከ30 ሥዕል ወደ 25 ለመውረድ ከየ6ቱ አንዱን መጣል ወይም ማቀላቀል ይጠይቃል፤ ጭፈራውም ይደናቀፋል። የዛሬ ላፕቶፕ ሁለቱንም ስለሚያነብ በመጀመሪያ ሥርዓቱ፣ በ720 በ480 ነጥብ ተቀዳ። አንድ ቅጂ በፍላሽ ለጎረቤቶች፣ አንድ ወደ ሚኒሶታ ተላከ። ካሴቱን ግን እናትየው መልሰው በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ወሰዱት።