ሦስት ምጣድ በአንድ ሽቦ

አዳማ ላይ ሲመሽ ጎረቤት ምጣድ ከጣደ የእኛ አምፖል ፈዘዝ ይላል። «ኃይል ቀነሰ» እንላለን። ከፊሉ ኃይል ግን ከትራንስፎርመሩ እስከ ደጃችን በተዘረጋው ሽቦ ላይ ሙቀት ሆኖ እየባከነ ነው።

በቁጥር እንየው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይፈልጋል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር መሆኑ ነው። የሽቦው ተቃውሞ ግማሽ ኦም ነው እንበል። አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ፣ ከዚያም በተቃውሞው ሲባዛ ብክነቱ 128 ዋት ይመጣል። ሦስት ጎረቤቶች በአንድ ጊዜ ሲጥዱ 48 አምፔር ስለሚያልፍ ብክነቱ ወደ 1,152 ዋት ይወጣል፤ ዘጠኝ እጥፍ! ተራ በተራ ቢጋግሩ ያው እንጀራ በሲሶው ብክነት ይጋገር ነበር።

የጣሪያ ፀሐይ ፓነልም በዚሁ ሕግ ይገዛል። እኩለ ቀን ላይ የአንዱ ቤት ፓነል የጎረቤቱን ምጣድ ካሞቀ፣ ኃይሉ ጥቂት ሜትር ብቻ ስለሚጓዝ ብክነቱ ኢምንት ነው። ሦስት ጣሪያ እያንዳንዱ የአንድ ምጣድ ያህል በአንድ ጊዜ እያመነጨ የሚጠቀም ከሌለ ግን ያው 48 አምፔር ወደ ኋላ፣ ወደ ትራንስፎርመሩ ይፈሳል፤ ዘጠኝ እጥፉ ብክነትም አብሮት። ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ የፓነሎቹ ኃይል መለወጫዎች (ኢንቨርተሮች) ራሳቸውን ያጠፋሉ። ፓነል መስቀል ብቻውን ብክነትን አይቀንስም የምለው ለዚህ ነው፤ ባለቤቶቹ ሰዓት መስማማት አለባቸው።

በትልቁ ደረጃ ይህን ስምምነት አገራችን ታውቀዋለች። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብና አዳማ ዳር ያሉት የነፋስ ማመንጫዎች (አንደኛው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋዋት) ተደጋጋፊ ናቸው። ነፋሱ የሚበረታው በበጋ፣ ግድቡን የሚሞላው ወንዝ በሚሳሳበት ወቅት ነው፤ ነፋስ ሲነፍስ የግድብ ውሃ ይቆጠባል። የቀረው ይህን ልማድ ወደ ሰፈር ማውረድ ነው። ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የብዙ ቤቶች ፓነልና ባትሪ በሶፍትዌር ተሳስሮ እንደ አንድ ማመንጫ ይታዘዛል።

እኛ ዘንድ ያን ሁሉ ባትሪ መጠበቅ አያስፈልግም። መቂና ባቱ ዙሪያ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ ፓምፑን ከረፋዱ አምስት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አሠርቶ ታንከሩን ቢሞላ፣ የቀኑን ፀሐይ በውሃ መልክ አስቀመጠ ማለት ነው። ማታ ምጣዶቹ ሲጣዱ የእሱ ሞተር ከመስመሩ ወጥቷል።

ከሁሉ በፊት ግን የትኛው ፓነል፣ የትኛው ፓምፕ፣ የትኛው ወፍጮ በየትኛው ትራንስፎርመር ሥር እንዳለ ይመዝገብ። ስምምነቱ በአንድ ትራንስፎርመር ሥር ካልሆነ፣ አንዱ ሰፈር ያተረፈው ኃይል ሌላው ሰፈር እስኪደርስ ሁለት ትራንስፎርመር ያቋርጣል፤ በሁለቱም ላይ የብክነት ቀረጥ ይከፍላል።