የሐዋሳ ሐይቅ አሳና ሜርኩሪ

በሐዋሳው አሞራ ገደል የአሳ ገበያ ቆሮሶ የተባለው አሳ ከጀልባ እንደወረደ ቆዳው ይገፈፋል፣ ሥጋው ከአጥንቱ ይለያል፤ ብዙ ሰውም ከዳጣ ጋር በጥሬው ይበላዋል።

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ የኢትዮጵያና የኖርዌይ ተመራማሪዎች የሐይቁን አሳዎች ሥጋ መርምረው ነበር። በትልልቅ ባርበስ አሳዎች ላይ ያገኙት ሜርኩሪ በብዙ አገሮች ለአሳ ከተፈቀደው ጣሪያ፣ ማለትም በኪሎ ከ0.5 ሚሊ ግራም፣ ያለፈ ሆነ። በቆሮሶ ላይ ግን በጣም ዝቅተኛ ነበር። ሐይቁ አንድ፣ ውሃውም አንድ፤ ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ከአመጋገብ ነው። ቆሮሶ በዋናነት የሚመገበው በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ አልጌዎችን ነው። ትልቁ ባርበስ ደግሞ ትንንሽ አሳዎችን ስለሚውጥ እነሱ ያጠራቀሙትን ሜርኩሪ ይወርሳል። ሜርኩሪው ከሰውነቱ ቶሎ አይወጣም፤ አሳው ባደገ ቁጥር እየተከማቸ ይሄዳል።

መጥበስና መቀቀል ጥገኛ ትሎችንና ባክቴሪያዎችን ይገድላል፤ ስለዚህ አሳን አብስሎ መብላት ተገቢ ነው። ሜርኩሪን ግን እሳት አያስወግደውም። የሜርኩሪ ጉዳት የሚከፋው በጽንስ አንጎል ላይ በመሆኑ፣ ነፍሰ ጡር እናት ከትልቅ ባርበስ ይልቅ በደንብ የበሰለ ቆሮሶ ብትመርጥ ይሻላል።